ከሩቅ ለመጣ ሠራተኛ የትኛው የደህንነት ስልጠና ይሻላል?

አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ከወላይታ ወደ ድሬዳዋ ያመጣው የአጎቱ ልጅ ነው። በመጣ በሳምንቱ ሳቢያን አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ አርማታ ሲሞላ ዋለ። እግሩ ላይ የነበረው የፕላስቲክ ሸበጥ ነው። እርጥቡ ሲሚንቶ ጣቶቹ መሃል ገብቶ ቀኑን ሙሉ አብሮት ዋለ። ማታ ቆዳው ተላጠ። ሲሚንቶ ሲረጥብ ቆዳ እንደሚያቃጥል የነገረው ሰው አልነበረም።

"ለምን ለፎርማኑ አልነገርክም?" አልኩት።

"ያስገባኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እኔ ካማረርኩ እሱ ያፍራል" አለኝ።

ስለ ሥራ ላይ ደህንነት ስልጠና በተነሳ ቁጥር ይሄ መልስ ይመጣብኛል። ልጁ ቦት ጫማ እንደሚያስፈልገው ቢያውቅም ኖሮ ዝም ይል ነበር። ማወቅ አንድ ነገር ነው። አፍ አውጥቶ መናገር ሌላ ነው። ብዙ ስልጠና የሚሰጠው ለመጀመሪያው ብቻ ነው።

የሠራተኛ ማኅበር መሪዎች፣ የዕድር ሰዎች፣ የፋብሪካ ኤች አሮች፣ አንዳንዴም ኮንትራክተሮች "ስልጠና ልናዘጋጅ ነው፣ የትኛው ዓይነት ይሻላል?" ይሉኛል። ይሄን የጻፍኩት ለእነሱ ነው። አምስት ዓይነት ስልጠና አነጻጽራለሁ። ስልጠና የሚሸጥ ድርጅት ስም አልጠራም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። "መጤ" የሚለውን ቃል አልጠቀምበትም። ድሬዳዋ ራሷ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ሐዲዱን ተከትሎ ግሪኩም አርመኑም ዓረቡም መጣ፤ ከየክፍለ ሀገሩም ሰው ጎረፈ። ዛሬ ከሐረርጌ ገጠር፣ ከወላይታ፣ ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከጎጃም የሚመጣው ልጅ በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ከሱማሌና ከየመን ተሰደው እዚህ የሚሠሩም አሉ። ለኔ ሁሉም ከሩቅ የመጡ ሠራተኞች ናቸው።

መጀመሪያ መለኪያውን እናስቀምጥ

አብዛኛው ሰው ስልጠና የሚመርጠው በዋጋና በአሰልጣኙ ዲግሪ ነው። እኔ በስድስት ነገር ነው የምመዝነው።

አንደኛው ቋንቋ ነው። ድሬ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሱማልኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ተቀላቅለው ይነገራሉ። ይሄ ግን ለድሬ ልጅ ነው። ገና የመጣ ሰው ገበያ ላይ የሚበቃው አማርኛ ይኖረው ይሆናል። ስለ አደጋ ለመከራከር የሚበቃ አማርኛ ግን የለውም። በሰው ቋንቋ መከራከር ደግሞ ያደክማል። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መግለጫ፣ አሠሪ የሚሰጠው የደህንነት ስልጠና ሠራተኛው በሚገባው ቋንቋና ቃል መሆን እንዳለበት አስታውቋል። እንግሊዝኛ የማይሰማ ሠራተኛ በእንግሊዝኛ ተነግሮት ቢፈርም ሠለጠነ አይባልም ማለት ነው። እኛም ጋ ፊርማ ተሰብስቦ "ሠልጥነዋል" የሚባልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ስልጠናው ሲያልቅ ሰውዬው ብቻውን ነው ወይስ ከኋላው ሰው አለ? ይሄን መለኪያ ከሁሉም አስበልጣለሁ።

ሦስተኛው መለማመድ ነው። ሠልጣኙ የሰማው ብቻ ነው ወይስ በአፉ ብሎ፣ በእጁ ነክቶ ሞክሮታል? እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ከዚያ በፊት የተሠሩ 95 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። ሠራተኛው ራሱ የሚሳተፍበት ስልጠና ከንግግርና ከቪዲዮ ይልቅ ዕውቀትም ይጨምራል፣ አደጋም ይቀንሳል ብሏል።

አራተኛው የሠራተኛው ጊዜ ነው። የቀን ሠራተኛ ስልጠና ላይ ከዋለ የዕለቱ ገንዘብ ቀረበት። ማካካሻ ካልተያዘ የሚመጣው ሥራ ያላገኘው ብቻ ነው። አምስተኛው ሰው ሲለቅ ምን ይቀራል የሚለው ነው። ከሩቅ የመጣ ሠራተኛ ቶሎ ቦታ ይቀይራል። ዕውቀቱ አብሮት ከሄደ በየወሩ ከዜሮ መጀመር ነው። ስድስተኛው የአዘጋጁ ወጪ ነው፤ እሱን ሁሉም ስለሚያስበው አላበዛም።

ሕጉ ምን ይላል?

የትኛውንም ስልጠና ብትመርጡ እነዚህ ነጥቦች ውስጡ ከሌሉ ጎዶሎ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 ደግሞ አሠሪውን ይይዘዋል። ስለ ሥራው አደጋ ማስረዳት፣ የደህንነት ኃላፊ መመደብ፣ ኮሚቴ ማቋቋም፣ መከላከያ ዕቃ ማቅረብ፣ የደረሰ አደጋን መዝግቦ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሠራተኛውም ግዴታ አለበት። የተሰጠውን መከላከያ በአግባቡ መጠቀምና ያየውን ጉድለት ማሳወቅ አለበት። ስለዚህ "መወጣጫው ልል ነው" ብሎ መናገር ድፍረት አይደለም። የተጣለበት ግዴታ ነው። ይሄን ስነግራቸው የብዙ ሰው ፊት ሲቀየር አይቻለሁ።

አንቀጽ 26 ቅሬታ ማቅረብ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። አንቀጽ 32 ደግሞ ሕይወትን ወይም ጤናን የሚያሰጋ አደጋ መኖሩ ተነግሮት አሠሪው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን ማቋረጥ እንደሚችል ይገልጻል። ውሉ በጽሑፍ ባይሆንም ሠራተኛው በሕጉ ያለውን መብት አያጣም። ሳይፈርም በቃል ለሚሠራ የቀን ሠራተኛ ከዚህ የሚበልጥ ነጥብ የለም።

እውነቱን ግን መደበቅ አልፈልግም። የቀን ሠራተኛ "ተባረርክ" አይባልም። በማግስቱ አይጠራም፤ በቃ። አንቀጽ 26 ለዚህ ሰው ሩቅ ነው። ለዚህ ነው ፍርሃትን ከሌሎቹ መለኪያዎች ያስበለጥኩት።

አንድ፦ የአዳራሽ ስልጠና

ሁላችንም እናውቀዋለን። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ የታሸገ ውኃ፣ ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሰርተፍኬት። አንድ ቀን ወይም ሁለት ቀን።

እኔም አዘጋጅቼ አውቃለሁ። ያኔ የምሠራበት ቦታ ሠራተኞች ተጠሩ። ባለሙያው ጎበዝ ነበር። በጥሩ አማርኛ ስለ አደጋ ዓይነቶች አስረዳ። ከፊት የተቀመጡት ሱፐርቫይዘሮች ጥያቄ ጠየቁ። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች ጸጥ ብለው ሰሙ። ቀኑ አለቀና ሁሉም አጨበጨበ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከኋላ ከነበሩት አንዷን "ምን ያዝሽ?" አልኳት። "ምሳው ጥሩ ነበር" አለችኝ። ልታሳፍረኝ አልነበረም። እውነቱን ነው የነገረችኝ። አማርኛው ለሷ ፈጣን ነበር፤ አለቃዋም ሦስት ወንበር ፊት ተቀምጦ ነበር።

ሠራተኛና አለቃ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጡ ሠራተኛው አይናገርም። ከዚህ ስልጠና ሌላ ምንም ካላስታወሳችሁ ይሄን አስታውሱ።

ሙሉ በሙሉ የማይረባ ግን አይደለም። አዲስ ማሽን ሲገባ፣ ኬሚካል ሲቀየር፣ ስለ እሳት አደጋ ሲነገር ባለሙያ ያስፈልጋል። አለቆችን ለብቻ ለማሠልጠንም ጥሩ ነው። ፎርማን የሚነገረውን ቅሬታ መስማት ካልሠለጠነ ሠራተኛውን ብቻ ማሠልጠን ልጁን ወደ እሳት መላክ ነው። የአዳራሽ ገንዘብ ካላችሁ ለፎርማኖች አውሉት።

ሁለት፦ የጠዋት አጭር ንግግር

ሥራ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ቆም ብሎ ስለ አንድ አደጋ ብቻ ማውራት ነው። ዛሬ ስለ መሰላል፣ ነገ ስለ ሚክሰር፣ ከነገ ወዲያ ስለ ውኃ። በሥራ ሰዓት ውስጥ ከሆነ ሠራተኛውን ምንም አያስከፍለውም። አሠሪውንም አሥር ደቂቃ ነው።

ለድሬ ሙቀት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መዋል ምን እንደሆነ እዚህ ያደገ ያውቀዋል። ከደጋ የመጣ ልጅ ግን አያውቀውም። ሰውነቱ ሙቀቱን የሚለምደው ቀስ በቀስ፣ በቀናት ውስጥ ነው። ትልቁ አደጋ የሚያገኘውም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ተቋም በሙቀት ለሚሠራ ሰው በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ኩባያ ውኃ ይመክራል። ጥም እስኪመጣ መጠበቅ አይገባም። በረመዳን ይሄ አይሠራም። ያኔ መጠየቅ ያለበት የሰዓት ለውጥ ነው፤ ከባዱን ሥራ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ሳይበረታ መጨረስ። ይሄን የመሰለ ነገር በአሥር ደቂቃ ይነገራል፣ በዚያው ቀን ይሞከራል።

ድክመቱ ተናጋሪው ነው። ሁልጊዜ ፎርማኑ ብቻ ካወራ ንግግሩ ትእዛዝ ይሆናል። "ሄልሜት አድርጉ" ተብሎ ያልቃል። ሄልሜቱ የተሰነጠቀ ከሆነስ? እሱን የሚያነሳ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። ተናጋሪው በተራ ሠራተኛ ይሁን፣ በመጨረሻም "ዛሬ የምንሠራበት ቦታ ላይ ያያችሁት አስጊ ነገር ምንድን ነው?" የሚል ጥያቄ ይጨመር።

ሦስት፦ ሠራተኛ ለሠራተኛ ክበብ

ልቤ ያለው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም ላድርገው።

ከየቋንቋው ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይመረጣል። ዲግሪ አይጠየቅም። ሌሎቹ የሚሰሙት ሰው መሆኑ ነው የሚታየው። እነዚህ ሰዎች ለተወሰኑ እሑዶች ይሠለጥናሉ። ከዚያ እያንዳንዳቸው ስምንት አሥር ሰው ሰብስበው በራሳቸው ቋንቋ ይቀጥላሉ። ቦታው ቤት ሊሆን ይችላል፣ የዕድር ድንኳን ሊሆን ይችላል። ሻይና ፈጢራ ከተገኘ በቂ ነው። በአሜሪካም ከላቲን አሜሪካ የሄዱ የግንባታ ሠራተኞችን በዚህ መንገድ የሚያሠለጥኑ የሠራተኛ ማዕከላት አሉ። የሠለጠነው ሠራተኛ በየሳይቱ የደህንነት ጉዳይ ተጠሪ ይሆናል።

ሦስት መልመጃዎችን ልንገራችሁ። ማንበብ የማይችል ሰውም ይሠራቸዋል።

የመጀመሪያው የሰውነት ሥዕል ነው። ትልቅ ወረቀት ላይ የሰው ቅርጽ ይሣላል፣ ፊትና ጀርባ። እያንዳንዱ ሰው የሚያመው ቦታ ላይ አንድ ፍሬ በቆሎ ያስቀምጣል። አንድ የስፌት ላይን ላይ የሚሠሩ ሴቶች ይሄን ሲያደርጉ አጠገባቸው ነበርኩ። አንዷ አንገቷ ላይ አስቀመጠች። ሁለተኛዋም አንገቷ ላይ። ሦስተኛዋ ትከሻዋ ላይ። ሲያልቅ በቆሎው ሁሉ አንገትና ትከሻ ላይ ተከምሯል። ዝም አሉ። ከዚያ አንዷ "እኔ እኮ የኔ ሕመም ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ጸበል ሁሉ ሄጃለሁ" አለች። ችግሩ መቀመጫው እንደሆነ ማንም አልነገራቸውም። በቆሎው ነገራቸው።

ሁለተኛው የቦታ ሥዕል ነው። የሚሠሩበትን ቦታ ራሳቸው ይሥላሉ፤ በር የት ነው፣ ማሽኑ የት ነው፣ የሚያዳልጠው ወለል የቱ ነው፣ የእሳት ማጥፊያው ፊት ምን ተከምሯል? አደጋ ያለበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ይደረጋል። ከዚያ ስለ መፍትሔ ይወራል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ማስተማር ያስፈልጋል። አደጋውን ከነአካቴው ማስወገድ ይቀድማል፤ ካልሆነ ባነሰ አደገኛ ነገር መተካት፤ ካልሆነ መከለል ወይም ማሽኑን ማስተካከል፤ ከዚያ የአሠራር ለውጥ፤ ማስክና ጓንት የመጨረሻው ነው። ብዙ ሰው "ሴፍቲ" ሲባል ማስክና ጫማ ብቻ ይታየዋል። የድንጋይና የኮንክሪት ብናኝ ላይ ውኃ እያርከፈከፉ መቁረጥ ግን ከማስክ ይቀድማል። ድምፅ ለመለካትም መሣሪያ አይጠበቅም። ክንድ በሚያህል ርቀት ለቆመ ሰው ለመናገር መጮህ ካስፈለገ ድምፁ 85 ዴሲቤል ደርሷል ወይም አልፏል ብላችሁ ገምቱ። ቀኑን ሙሉ እዚያ መዋል ጆሮ ይጎዳል።

ሦስተኛው የመናገር ልምምድ ነው። አንዱ ፎርማን ይሆናል፣ ሌላው ራሱን። የምናስተምረው ንግግር ሦስት ነገር አለው፤ ያየሁት ምንድን ነው፣ ምን ሊያደርስ ይችላል፣ ምን እንዲደረግ እፈልጋለሁ። "ጋሼ፣ አጠናው እየተነቃነቀ ነው። ሁለት ሰው ከወጣበት ሊወድቅ ይችላል። እስኪታሰር እታች ልስኑን እንሥራ?" ይሄ ስድብ የለውም፣ ልመናም የለውም። ሥራ ይቁም አይልም። ፎርማኑ እሺ የሚልበት መንገድ ይሰጠዋል። የክበቡ ሰው ፎርማን ሆኖ ሲጫወት ደግሞ ይጮሃል፣ ያመናጭቃል፣ "ካልፈለግክ ሌላ ሰው አለ" ይላል። ልጁ ይሄን ስድስት ሰባት ጊዜ ሰምቶ ከለመደው እውነተኛው ሲመጣ አይደነግጥም።

ብቻውን ግን አይሄድም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ? ሁለት ሦስት ሆኖ መሄድ፣ ከተለያየ ቋንቋ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አሠሪው "የእነ እገሌ ነገር ነው" ብሎ ወደ ብሔር እንዳይወስደው ይረዳል። የመጀመሪያው ልጅ ያለኝን አስታውሱ፤ "እኔ ካማረርኩ እሱ ያፍራል።" ያስገባህ ዘመድህ ሲሆን ቅሬታ የቤተሰብ ጉዳይ ይሆናል። ስለዚህ ያስገቡትን ሰዎች፣ ደላላውንም ጭምር፣ ከመጀመሪያው ወደ ክበቡ መጥራት ይጠቅማል። የአጎቱ ልጅ አብሮ ከሠለጠነ ማፈሩ ይቀራል።

ድክመቱስ? ጊዜ ይወስዳል። ሁለት ወር ሳይሞላ ፍሬ አይታይም። አስተባባሪው ከሰነፈ ክበቡ ይበተናል። የተሳሳተ መረጃም ሊዛመት ይችላል፤ ለምሳሌ "አቧራ በወተት ይጠፋል" የሚለው። ወተት ሳንባ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ የጤና ባለሙያ ወይም የደህንነት ባለሙያ መጥቶ ጥያቄ ቢመልስ ያስፈልጋል።

ሰዓቱንም አስቡ። ድሬ ላይ ከሰዓት በኋላ በበርጫ ሰዓት ስልጠና ብትጠሩ የሚመጣ የለም። እሑድ ጠዋት ለሙስሊሙ ይመቻል፣ ለክርስቲያኑ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል። ዓርብ ከጁምዓ ጋር አትጋጩ። ሴቶች ሲመሽ ከመልካ ጀብዱ በኩል መመለስ ይከብዳቸዋል፤ የባጃጅ ገንዘብ ያዙ።

አራት፦ የደህንነት ኮሚቴ ስልጠና

ኮሚቴ በሕግ የሚጠበቅ ነው። ከአሠሪና ከሠራተኛ ወገን የተውጣጡ ሰዎች ይቀመጡበታል። ስልጠናው ፍተሻ ማድረግን፣ አደጋ መመርመርን፣ ቃለ ጉባኤ መያዝን ያስተምራል። ጥሩ ጎኑ የተባለው ነገር ወረቀት ላይ መቅረቱ ነው። ሰው ቢለቅም መዝገቡ ይቀራል። ተቆጣጣሪ ሲመጣም የሚያየው እሱን ነው።

ችግሩ የሠራተኛ ተወካይ ሆኖ የሚገባው ማን ነው የሚለው ነው። ብዙ ጊዜ አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገር፣ ቆየት ያለ፣ ቢሮ አካባቢ የሚሠራ ሰው ይመረጣል። ከሩቅ የመጣችው የማታ ሺፍት ሠራተኛ እዚያ የለችም። በ2014 ዓ.ም. ነጻ የንግድ ቀጠና የተባለውን የድሬዳዋ ኢንዱስትሪ መንደር በመሰለ፣ ብዙ ወጣት ሴቶች በሚሠሩበት ቦታ ደግሞ ኮሚቴው ወንድ ብቻ ከሆነ ስለ ሽንት ቤት ዕረፍትና ስለ እርግዝና ማን ያነሳል? ኮሚቴ ከክበብ ጋር ሲያያዝ ነው ሙሉ የሚሆነው። ክበቡ ያየውን ኮሚቴው ይጽፈዋል።

አምስት፦ የድምፅ መልእክት

ቴሌግራም ላይ የሚላክ አጭር ድምፅ፣ ወይም ሬዲዮ። በወላይትኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማልኛ ሁለት ደቂቃ። ርካሽ ነው፣ ሩቅ ይደርሳል፣ ሰው ተኝቶ ይሰማዋል። አፍ ግን አያስከፍትም። ለብቻው አትጠቀሙበት፤ ክበቡ ያወራውን ለማስታወስ ጥሩ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ። የአሠሪ ሰዎች ያሉበት ግሩፕ ላይ የሠራተኛ ድምፅና ስም እንዳይወጣ።

በአንድ እይታ

| የስልጠናው ዓይነት | ቋንቋ | አፍ ማስከፈት | የሠራተኛው ጊዜ | ሰው ሲለቅ | የአዘጋጁ ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| የአዳራሽ | ብዙ ጊዜ አማርኛ ብቻ | ደካማ | ሙሉ ቀን | ሰርተፍኬቱ አብሮ ይሄዳል | ከፍተኛ |
| የጠዋት ንግግር | እንደ ተናጋሪው | መካከለኛ፣ ሠራተኛ ከመራው ጥሩ | 10 ደቂቃ በሥራ ሰዓት | ልማዱ ይቀራል | በጣም ዝቅተኛ |
| ሠራተኛ ለሠራተኛ ክበብ | የራሳቸው | ጠንካራ | ለሳምንታት የዕረፍት ቀን ሰዓታት | ሌላ ሰው ይተካል | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |
| ኮሚቴ | አማርኛ | መካከለኛ | በሥራ ሰዓት | መዝገብ ይቀራል | መካከለኛ |
| የድምፅ መልእክት | በሁሉም ይቻላል | ደካማ | ደቂቃዎች | ቅጂው ይቀራል | በጣም ዝቅተኛ |

ለማን የትኛው?

የግንባታ ቀን ሠራተኞች ከሆኑ፣ ጠዋት ሥራ ፍለጋ በሚቆሙበት ቦታ ጀምሩ። ሥራ ያላገኘው እዚያው ይቆያል። ክበብ ከመንደርና ከቋንቋ ጋር ይደራጅ እንጂ ከሳይት ጋር አይሁን፤ ሳይቱ በየሳምንቱ ይቀየራል። ርእሶቹ እርጥብ ሲሚንቶ፣ መወጣጫ፣ የፌሮ ጫፍ፣ ሙቀት።

የፋብሪካ ሠራተኞች ከሆኑ ክበብና ኮሚቴ አንድ ላይ። 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ ማኅበር ማቋቋም በአዋጁ የተፈቀደ ነው፤ ማኅበር ካለ ስልጠናው በእሱ ሥር ቢሆን የክበቡ ሰዎች ከለላ ያገኛሉ። ማኅበር ከሌለ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንን (ኢሠማኮን) እና የዘርፉን ፌዴሬሽን ጠይቁ።

ጫኝና አውራጅ ከሆኑ አዳራሹን እርሱት። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። የአሜሪካው የሙያ ደህንነትና ጤንነት ተቋም በጥሩ ሁኔታ ለሚነሳ ዕቃ እንኳ መነሻ ገደብ ያደረገው 23 ኪሎ ነው። "ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጋችሁ አንሱ" ብሎ ማስተማር ብቻ ወገብ አያድንም። ለሁለት ማንሳት፣ ጋሪ፣ ከመኪናው ቁመት እኩል የሆነ መደርደሪያ እንዲጠይቁ አለማምዷቸው። ብዙዎቹ የራሳቸው ቡድንና አለቃ አላቸው፤ ሥራውን በዚያ ቡድን ውስጥ ጀምሩ።

የቤት ሠራተኞች ለየት ይላሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ አይሸፍናቸውም። ብቻቸውን ስለሆኑም ኮሚቴ የለም። ለእነሱ የእሑድ ክበብና የድምፅ መልእክት። በረኪናን ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ማቀላቀል መርዛማ ጋዝ እንደሚያወጣ፣ ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንደሚገድል ከሁሉ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ስደተኞች ከሆኑ ሌላ ፍርሃት ይጨመራል፤ "ከተናገርኩ ወረቀቴ ይነካል" ይላሉ። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ የሚሠራበትን መንገድ ከፍቷል። የመጀመሪያው ቀን ስለ አደጋ ሳይሆን ስለ ወረቀት ይሁን። ወረቀቱ የሚያስጨንቀው ሰው ስለ መሰላል አይሰማችሁም።

በጀታችሁ ስንት ነው?

ምንም ገንዘብ ከሌለ የጠዋት ንግግርና የድምፅ መልእክት። ለሁለቱም የሚያስፈልገው ፈቃደኛ ሰው ብቻ ነው።

የሻይና የትራንስፖርት ገንዘብ ካለ አንድ ክበብ ጀምሩ። ሁለት ቋንቋ ብቻ ይዛችሁ። በአምስት ቋንቋ ለመጀመር የሚሞክር ብዙ ጊዜ በአንዱም አይጨርስም።

የፕሮጀክት ገንዘብ ካለ ደግሞ አዳራሽና ሆቴል ላይ አትጨርሱት። በቅድሚያ ለቀን ሠራተኛው የቀረበትን የቀን ገንዘብ ክፈሉ። ሁለተኛ ለክበብ መሪዎች ወርኃዊ ድጎማ ያዙ። ሦስተኛ ፎርማኖችን ለብቻ አሠልጥኑ። ከተረፈ ሰርተፍኬት አሳትሙ።

ከውጭ አሰልጣኝ የምትቀጥሩ ከሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ሠልጣኞቹ በየትኛው ቋንቋ ይናገራሉ? አሰልጣኙ በየትኛው ያስተምራል ብቻ አትበሉ። ከጊዜው ስንቱ በልምምድ ያልፋል? ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ የተለወጠውን ያያል? ሦስተኛውን ሲሰሙ ብዙዎቹ ዋጋ ይጨምራሉ። ጨምራችሁ ክፈሉ፤ ከሰርተፍኬቱ ቀንሱ።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ደብተር ግዙ። ቀን፣ ቦታ፣ የታየው አደጋ፣ ለማን እንደተነገረ፣ ማን አብሮ እንደነበረ፣ ምን ምላሽ እንደተሰጠ ይጻፍበት። መጻፍ የማይችል ለክበቡ ጸሐፊ ይንገር። ነገሩ ወደ ከተማው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ወይም ወደ ፍርድ ቤት ከሄደ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያ ነው። እግሩ የተላጠው ልጅ አሁን የወላይትኛው ክበብ ጸሐፊ ነው። ደብተሩን በፕላስቲክ ጠቅልሎ ይይዘዋል፣ ሲሚንቶ እንዳይነካው።